የበርበሬ ስም ከየትም ይምጣ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ይታወቅ

በሞምባሳ መንገድና በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ሳውዝ ሲ ብዙ ቋንቋ ከሚሰማባቸው የናይሮቢ ሰፈሮች አንዱ ነው። ኬንያዊው ስዋሂሊውን፣ ሶማሌው ሶማሊኛውን፣ ሐበሻው አማርኛውን፣ ትግርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ይዞ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ከአንድ ሱቅም ይሸምታል። ከሁሉም ማዕድ ቤት የማትጠፋ አንዲት ቀይ፣ የምታቃጥል ፍሬ አለች። ስዋሂሊ ተናጋሪው ፒሊፒሊ፣ ሶማሌው ባስባስ፣ የእኛው ሰው በርበሬ ይላታል። እዚያው ሰፈር፣ ፖፖ ጎዳና ላይ፣ በአጭሩ ኬብስ የሚባለው የኬንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በ1974 የተቋቋመ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ አንድ ዕቃ ላዩ ላይ የተጻፈውን መሆን አለመሆኑን ማጣራት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ስለ በርበሬ ስም የሚነሳውን ክርክር ከዚህ ሰፈር ሆኖ ማየት አንድ ጥቅም አለው። "ስሙ ከየት መጣ?" የሚለው ጥያቄ "ስሙ የተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ምን አለ?" ከሚለው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። በእኔ እምነት የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን በቅጡ የመረመረ ሰውም መጨረሻው ወደ ሁለተኛው መምጣት ነው።

ስለ ስሙ አመጣጥ በብዛት የሚወሩት ሦስት ታሪኮች ናቸው። አንዱ በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከበርበራ ወደብ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ጋር ያዛምደዋል። ሦስተኛው ከራሱ ከአማርኛ ግስ ያመጣዋል፤ አፍን በርብሮ ስለሚገባ "በረበረ" ከሚለው የወጣ ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው ለጨዋታ ያምራል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ድምፅ ስለገጠመ ብቻ ዝምድና ከተቆጠረማ በርንና በሬን አጋብቶ በርበሬን ማስወለድም ይቻላል። የበርበሮቹ ታሪክ ከስም መመሳሰል ሌላ የሚይዘው የለም። የበርበራው ትንሽ ሻል ይላል፤ የጥንት ግሪኮች የዛሬውን የሶማሌ ጠረፍ የባርባሮች አገር ብለው ይጠሩት ነበርና። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ወደብ በወደብ የሚዘረዝረው ፔሪፕለስ የተባለው የመርከበኞች መጽሐፍ ከዚያ ጠረፍ ይጫናል የሚለው ዕጣን፣ ከርቤና ቀረፋ መሰል ቅርፊት ነው። ቁንዶ በርበሬ የሚጭኑትን መርከቦች የሚያስነሳው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከሙዚሪስና ከኔልኪንዳ።

ክሩን መሳብ ያለብን ከዚያ ነው። ሕንዶች በሳንስክሪት ፒፓሊ ይሉት የነበረው የእኛን ጥምዝ የሚመስለው ረጅሙ ቁንዶ በርበሬ ወደ ምዕራብ ሲነገድ ስሙም አብሮት ተነግዷል። ፋርሶች ፒልፒል አሉት፣ ዐረቦች ፊልፊል፣ ግሪኮች ፔፔሪ፣ ሮማውያን ፒፐር። የስዋሂሊው ፒሊፒሊ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። የእኛስ? አክሱም ከግሪክኛ ጋር የነበራት ቅርበት የሚያጠራጥር አይደለም። ፔሪፕለስ የአካባቢውን ገዢ ዞስካሊስን ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ይለዋል፤ ዒዛና ድሉን ያስቀረጸው በግእዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ነው፤ "ጠረጴዛ" የምንለው ቃል ራሱ ግሪክ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ቁንዶ በርበሬ ስለሚጫንባቸው የሕንድ ወደቦችም ጽፏል። ቃሉ በዚህ በር ገባ ማለት ከየትኛውም ታሪክ ይልቅ ለአእምሮ ይቀርባል። ፔፔሪ እንዴት በርበሬ ይሆናል ቢሉ፣ ፐ ለሴማዊ ቋንቋዎቻችን የእንግዳ ድምፅ ናት። ዛሬም በገጠር ፖሊስን "ቦሊስ" የሚል ሰው ሞልቷል። መሃል ላይ የገባችው ር ደግሞ ቃሉን እንደ ግርግርና እንደ ፍርፍር ደርባ ከለመድነው ቅርጽ ጋር አስተካክላዋለች።

ከድምፅ ለውጡ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ማስረጃ ግን በየኩሽናው የሚነገር ነው፤ "ቁንዶ በርበሬ" የሚለው አጠራር። ጥቁሯ ድቡልቡል ፍሬ ከቀዩ ዛላ ጋር በዘርም፣ በመልክም፣ በአበቃቀልም አትገናኝም፤ አንዷ ሐረግ ላይ የምትንጠለጠል፣ ሌላው ከቲማቲምና ከድንች ወገን የሆነ። ታዲያ ስም እንዴት ተጋሩ? ተቃዋሚ "ቁንዶዋ ናት ከቀዩ የተዋሰችው" ሊል ይችላል። የዘመኑ ስሌት ግን አይፈቅድለትም። ጥቁሯ ፍሬ በቀይ ባሕር ስትነገድ ቀዩ ከዚህ ዓለም ክፍል ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ይርቅ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ስም አልባ ሆና አልቆየችም። ኋላ የመጣው ቀዩ ስሟን ወሰደባትና እሷ "ቁንዶ" የሚል መለያ ተቀጠለላት። ስዋሂሊም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ፒሊፒሊ ብቻውን ሲባል ቀዩ ነው፣ ጥቁሯን የፈለገ "ፒሊፒሊ ማንጋ" ማለት አለበት። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት የስም ዝውውር ካሳዩ ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም። እንግሊዝኛም ሆነ ስፓኒሽ ከዚህ አላመለጡም፤ በ1492 ካሪቢያን የደረሰው ኮሎምበስ ፍለጋው ቁንዶ በርበሬ ስለነበር ያገኘውን የሚያቃጥል ፍሬ በዚያው ስም ጠራው፤ ስሕተቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እንግዲህ ስሙ ከሕንድ ተነሥቶ በነጋዴ አፍ የመጣ፣ ተክሉም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ሜክሲኮና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲለማ የኖረው ይህ ተክል በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ አፍሪካና ወደ ሕንድ ጠረፎች የተሻገረው ከ1500 ወዲህ ነው፤ ፖርቱጋሎች ጎዋን የያዙት በ1510፣ የነሮድሪጎ ደ ሊማ ልዑክ የልብነ ድንግልን ግቢ የረገጠው በ1520 ነው። ስለዚህ "ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ ዶሮ ወጥ በበርበሬ እንበላ ነበር" የሚለው ወሬ ታሪክ አይደግፈውም። ይህን መስማት የሚያስቆጣቸው አሉ፤ ቅርሳችንን ማሳነስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ማሳነሱ አይታየኝም። ከአምስት መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድን የባዕድ ፍሬ የወጥ፣ የጥብስ፣ የሹሮ መሠረት አድርጎ፣ አረንጓዴውን ቃሪያ፣ ቀዩን በርበሬ፣ ትንሿን ሚጥሚጣ ብሎ በየመልኩ ስም ሰጥቶ፣ ያለሱ ጾሙም ፍስኩም የማይታሰብበት ደረጃ ያደረሰ ሕዝብ የሚያፍርበት ነገር የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ባስኮች የሚኖሩበት ኤስፐሌት የሚባል መንደር አለ። እዚያም የሚበቅለው ያው የአሜሪካ ተክል ነው። ሆኖም ከ2000 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በአካባቢው ካሉ አሥር ቀበሌዎች ውጭ ያደገ በርበሬ ያንን ስም መያዝ አይችልም። ሕጉ የጠየቃቸው ተክሉ ከየት መጣ ብሎ አይደለም፤ እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ ብሎ ነው።

እኛ የምናደርግበት ብዙ ነው፤ ዋጋውን የምናውቀው ግን አይመስለኝም። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፍሬው ይቀነስለታል፣ ይሰጣል። ከዚያ በብዙ ቤት የሚደረገውና ከሁሉ የሚረሳው ሥራ ይመጣል፤ ዛላው ገና ሳይልም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ እርጥበቱን እንደያዘ ተሸፍኖ ይከርማል፤ ቅመሙ ዛላው ውስጥ ከሰረገ በኋላ ነው እንደገና ፀሐይ የሚያየው። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱ፣ ጨውም ታምሶ የሚቀላቀለው ወደ ወፍጮ ቤት ሲኬድ ነው። የዚህ ልፋት ውጤት ከቀለሙ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ቁሌቱ ላይ ነው። ተደልዞ የከረመ በርበሬ ከሽንኩርቱ ጋር ጠብ ጠብ እያለለት ሲበስል ጥሬ ጥሬ ማለቱን ቶሎ ይተዋል፣ ወጡንም ያወፍረዋል። ደረቅ ዱቄቶች ብቻ ተደባልቀው "በርበሬ" የተባሉ እንደሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ማቃጠሉም ለብቻው ይመጣል፤ ምላስ ላይ ይለያያሉ። በውጭ አገር ቋንቋዎች የሚታተሙት አብዛኞቹ የበርበሬ አሠራሮች ፓፕሪካንና ሌላ የሚያቃጥል ዱቄትን በሳህን አማስለው በአሥር ደቂቃ የሚጨርሱት ይህንኛውን ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ችግር ይፈጥራል። በአማርኛ በርበሬ ስንል እርሻ ላይ የቆመውን ተክል፣ የደረቀውን ዛላ፣ ምንም ያልተጨመረበትን ዱቄትና ቅመም የገባበትን ዱቄት በአንድ ቃል እንጠራለን። አገር ቤት ይህ አያደናግርም፤ ገዢዋ ዛላውን በእጇ ሰብራ፣ አሽትታ፣ ራሷ አስፈጭታ ስለምትወስድ ቃሉ ባይለይላት ዓይኗና አፍንጫዋ ይለዩላታል። ቃሉ ባሕር ሲሻገር ግን አንዱን ትርጉም ብቻ ይዞ ሄደ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ በርበሬ ማለት ቅመም የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። ናይሮቢ ሁለቱ ትርጉሞች የሚጋጩበት ከተማ ናት። በሞያሌ በኩል በመኪና የሚመጣው፣ በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ የሚገባው፣ እዚሁ ከተማ ተፈጭቶ የሚታሸገው፣ ሁሉም በአንድ ስም ይሸጣል። ሳውዝ ሲ ካለ ሱቅ "በርበሬ ስጠኝ" ያለ ሰው የዛላ ዱቄት ብቻ ሊሰጠው ይችላል፣ ጨው የበዛበት ድብልቅም ሊሰጠው ይችላል፤ ስሙ ላይ ተመሥርቶ ተታለልኩ ብሎ ሊሟገት ግን አይችልም፣ ሁለቱም በርበሬ ናቸውና። የስሙ ታሪክ የሚጠቅመን ለዚህ ነው፤ ይህ ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዘል የኖረ ቃል መሆኑን ያሳየናል። እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን ለማንም ዋስትና አይሆንም።

"ቀለሙንና ማቃጠሉን አይቶ መግዛት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ቀለሙና ማቃጠሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቀይ የሚያደርገው በዋናነት ካፕሳንቲን ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊበዛ ይችላል። ፓፕሪካ ደማቅ ሆኖ አያቃጥልም፤ የደበዘዘ ሚጥሚጣ ዓይን ያስለቅሳል። ይባስ ብሎ ቀለም ከውጭ ይጨመራል። በ2005 መጀመሪያ ላይ ብሪታንያ ውስጥ ሱዳን አንድ የሚባል፣ ለሰምና ለቀለም እንጂ ለሆድ ያልተሠራ ማቅለሚያ የገባበት የሚጥሚጣ ዱቄት ወደ አንድ የሶስ ምርት ገብቶ፣ ከሶሱም ወደ ሌሎች ምግቦች ተሻግሮ ተገኘ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታሸጉ ምግቦች ከየመደርደሪያው ወረዱ። ያንን ዱቄት የገዙት ዓይናቸው ቀይ አይቶ ነበር። በእኛም አገር የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና ለጋዜጣ አንባቢ አዲስ አይደለም።

ዓይን ፈጽሞ የማያየው ደግሞ አለ። መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ የነካው፣ ወይም በቅጡ ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ የታጨቀ ዛላ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። ከተፈጨ በኋላ በማሽተትም በቅምሻም አይለይም። ኬንያ ይህን መርዝ በመጽሐፍ ሳይሆን በሐዘን ታውቀዋለች። በ2004 በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በኅዳር 2019 ኬብስ በዚሁ መርዝ ምክንያት አምስት የታወቁ የበቆሎ ዱቄት ምልክቶችን ከገበያ አግዷል። የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ላይ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ጠቅላላ መጠን በአንድ ኪሎ ከ10 ማይክሮግራም አይበልጥም። የበቆሎ ገንፎው ኡጋሊ ላይ እንዲህ የጠነከረ አገር አንድ ቀን ወደ በርበሬው ዞር ማለቱ አይቀርም፤ ያን ቀን "የእናቴ እጅ ነው" የሚል መልስ ፖፖ ጎዳና ላይ አያስኬድም። መስፈርት ወረቀት ላይ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ከረጢቱ ላይ ካልተነበበ ለገዢው የለም ማለት ነው።

ስም ሲለቀቅ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ከሳውዝ ሲ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የስዋሂሊው ፒሊፒሊ በሞዛምቢክ በኩል ፖርቱጋሎች አፍ ገብቶ ፒሪ ፒሪ ሆነ። በ1987 ጆሃንስበርግ ውስጥ የተከፈተው ናንዶስ የተባለው ምግብ ቤት ደግሞ ፔሪ ፔሪ ብሎ በዶሮ ጥብስ ዓለምን አዞረው። ዛሬ ፔሪ ፔሪ የተጠበሰ ድንች ከረጢት ላይ የሚታተም የጣዕም ስም ነው። ኩባንያው ጥፋት ሠራ አልልም፤ ቃሉ የማንም አልነበረም፣ አንሥቶ ተጠቀመበት። ነገር ግን ቃሉ በተነሣበት ጠረፍ ያለ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ዝና ምን አገኘ ቢባል መልሱ አጭር ነው። በርበሬም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ቺፕስ ላይ፣ ለውዝ ላይ፣ ሶስ ላይ ስሙ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል።

ታዲያ ስሙን በሕግ የኢትዮጵያ ብቻ እናድርገው? ይህን የሚሉ ሰዎች ከመሬት ተነሥተው አይደለም የሚናገሩት። ኢትዮጵያ በ2005 የቡና ስሞቿን ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተካረረ ሙግት በኋላ በ2007 ተስማምታለች። ጤፍ ላይ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ፣ ያ ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ እንዲያጣ እስከ 2018 መጠበቅ ግድ ሆኖብናል። የፌታ አይብንም ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ዴንማርክና ጀርመን ለዓመታት እየሠሩ ሲሸጡት ቆይተው፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2005 የግሪክ ብቻ ነው ብሎ ወስኗል። ስሙ የባዕድ መሆኑ ግሪክን ካላገዳት እኛን ምን ያግደናል? ክርክሩ ጠንካራ ነው። ግን አንድ ነገር ይዘላል። ፌታን ከግሪክ ውጭ የሠሩት ነጋዴዎች ናቸው፤ የጓዳ ቋንቋቸው አልነበረም። በርበሬ ግን የአስመራ እናትም ቃል ነው፤ በትግርኛ በርበረ ይባላል፣ በኦሮምኛ ባርባሬ፣ ድንበር ለሁለት በከፈላቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ይደለዛል። ሳውዝ ሲ ላይ ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው ከአንድ መደርደሪያ የሚያነሱትን ዕቃ ስም የአንዱ ማድረግ በሕግ ቢሳካ እንኳ ትርፉ ጠብ ነው። ደግሞስ ከሳንስክሪት እስከ ግሪክ ሲዋዋሱት የኖረውን ቃል እኛ ጋ ሲደርስ አጥር እንጠርለት ማለት የሚያስተዛዝብ ነው።

ከቡና መማር ካለብን ትክክለኛውን ትምህርት እንማር። ኢትዮጵያ ያስመዘገበችው "ቡና" የሚለውን ቃል አይደለም፤ ይርጋጨፌ የሚለውን ነው። በርበሬም የራሱ ይርጋጨፌዎች አሉት። የማረቆ በርበሬ የሚባለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ የመርካቶ ነጋዴ የለም፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ሐላባ አለ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አሉ። አሁን እነዚህ ስሞች የሚኖሩት በነጋዴ አፍ ላይ ነው፤ ወፍጮ ቤት እስኪደርሱ ድረስ እንኳ አይቆዩም፣ ከሌላው ጋር ተደባልቀው ስም የለሽ ዱቄት ይሆናሉ። የ2006 የንግድ ምልክት አዋጅ ማኅበራት የወል ምልክት እንዲያስመዘግቡ በር ከፍቷል። የማረቆ ገበሬዎች ማኅበር የራሱን ምልክት ይዞ፣ ከረጢቱ ላይ "ማረቆ" የሚል ያየ ገዢ በእርግጥ ማረቆ የበቀለ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ቢዘረጋ፣ ከአስመራም ከማንም ጋር ጠብ የለም። በርበሬ የሚለው ቃል ለሁሉም እንደተተወ ይቀራል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከቦታው ስም ነው። ኤስፐሌቶችም ያደረጉት ይኸው ነው፣ በፈረንሳይኛ በርበሬ ማለትን ማንንም አልከለከሉም።

የሚቀረው ተቃውሞ ከባለሙያ እጅ የሚመጣ ስለሆነ ከሁሉ ይከብደኛል። በርበሬ እንደ ቤቱ ነው፤ የጎንደሩ ከጉራጌው አይገጥምም፣ አንዷ ኮሰረት ታበዛለች፣ ሌላዋ ጥምዝ ካልገባበት አይበላልኝም ትላለች። መስፈርት ይውጣ ከተባለ ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ የፋብሪካ ጣዕም ይቀራል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ የሚገባ ነው፤ መስፈርቱ "ይህን ያህል ግራም ኮረሪማ" የሚል ከሆነ እኔም ተቃዋሚ ነኝ። ሰው የሚፈልገው ግን እንዴት እንዲሠራ የሚያዝ ሳይሆን የሠራውን እንዲናገር የሚያስገድድ ደንብ ነው። የውጭ ቀለም አይግባ፣ ሻጋታው ይለካ፣ ያስገባኸውን ሁሉ ጻፍ። ኮሰረት ያበዛችው ኮሰረቷን ብትጽፍ የቤቷ ሙያ ይታወቅላታል እንጂ አይጠፋም። እንዲያውም ዛሬ ሙያዋን እየገደለው ያለው ዝምታው ነው፤ ሦስት ቀን ደልዛ፣ አክርማ፣ አስጥታ ያዘጋጀችው ከረጢት በአሥር ደቂቃ ከተማሰለው ጋር በአንድ ስም፣ በአንድ መደርደሪያ ይቀመጣል፣ ዋጋውንም የሚወስነው ርካሹ ነው።

ወጪውስ? በሻንጣ አምጥተው ለጎረቤት የሚሸጡ፣ በዚያች ገቢ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍሉ ሴቶች የላቦራቶሪ ወረቀት ከየት ያመጣሉ? ከነሱ መጀመር ስሕተት ይሆናል። የሻጋታ ምርመራው ሸክም መውደቅ ያለበት በጭነት በሚያስገባውና በሚያሽገው ነጋዴ ላይ ነው፤ እሱ የኬብስን በር አስቀድሞም ያውቀዋል። ለትንሿ ሻጭ የሚበቃት ከረጢቱ ላይ የሚለጠፍ አራት መስመር ነው፤ ዛላው የየት ነው፣ የገባው ቅመም ምን ምን ነው፣ ጨው አለው ወይስ የለውም፣ የተፈጨው በየትኛው ወር ነው። ብዕርና ወረቀት እንጂ ፈቃድ አይጠይቅም። አማርኛ የማያነብ ጎረቤት ስላለም በስዋሂሊ ቢደገም ይመረጣል። ከአራቱ መስመሮች በላይ በትልቁ የሚጻፈው ስም ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ "በርበሬ" ብቻ ብሎ ማቆሙን ይተው፤ ወይ "የዛላ ዱቄት ብቻ" ይበል፣ ወይ "ተደልዞ ቅመም የገባበት"። ገዢው በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ሲያይ ለምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ሻጯም የምትመልሰው አላት።